ቬዝሌን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተሰልፈዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቬዝሌ ምንድን ናት? የትስ ነው ያለችው?

ቬዝሌ ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ ክፍል፣ በአንድ ኮረብታ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከተማ ማለቱ ራሱ ማጋነን ነው፤ ነዋሪዋ 500 አይሞላም። አንድ ዋና መንገድ አላት። ከታች ይነሣና ቤቶቹን ግራና ቀኝ አሰልፎ ሽቅብ ይወጣል። ጫፉ ላይ የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው።

በ12ኛው መቶ ዘመን ግን ይህች መንደር ከምዕራብ አውሮፓ ታላላቅ የተሳላሚዎች መዳረሻዎች አንዷ ነበረች። በስፔን ወደሚገኘው ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በእግር ከሚያደርሱት አራት ታላላቅ የፈረንሳይ መንገዶች አንዱ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን ይህን መንገድ ዛሬም የሚጀምሩት አሉ፤ በጠዋት ከባድ የጀርባ ሻንጣ አዝለው፣ የተሳላሚነት ምልክት የሆነውን ዛጎል አንጠልጥለው ቁልቁል ሲወርዱ ያገኟቸዋል። ዩኔስኮ ቤተ ክርስቲያኑንና ኮረብታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979 ነው፤ ላሊበላ በተመዘገበ በዓመቱ ማለት ነው።

ከፓሪስ እንዴት ይደረሳል?

በመኪና ከሆነ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ኤ6 ፈጣን መንገድ ይዘው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳሉ። መኪናውን ከከተማዋ ግርጌ ባለው የሚከፈልበት ማቆሚያ ትተው በእግር ይወጣሉ።

በባቡር ከሆነ መነሻው ቤርሲ የሚባለው የፓሪስ ጣቢያ ነው፤ ብዙ ሰው «ጋር ደ ሊዮን» ወደሚባለው ትልቁ ጣቢያ ሄዶ ከተንከራተተ በኋላ ነው ይህን የሚረዳው። መውረጃው ሰርሚዜል ቬዝሌ ይባላል። አንዳንዱ ባቡር በቀጥታ ይሄዳል፣ በአንዳንዱ መካከል ላይ መቀየር ያስፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የፌርማታው ስም ግን አያታልልዎ፤ ቬዝሌ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እሑድ ቀን ነበር። ከባቡሩ ስወርድ አብሮኝ የወረደ ሰው አልነበረም። ታክሲ አይቆምም፣ የሚጠየቅ ሠራተኛ የለም፣ አውቶቡሱም በዚያ ቀን አልነበረም። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ «ጣቢያ ካለ ታክሲ አይጠፋም» ብዬ አስቤ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከሁለት ሰዓት በላይ ተራመድኩ። ስለዚህ ታክሲውን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ያስይዙ፤ የሚያድሩበት ቤት ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ይሰጥዎታል። ሻንጣ ካልያዙ ግን መራመዱ ራሱ የሚቆጭ አይደለም። ኮረብታው እየቀረበ፣ ግንቡ እየጎላ ሲመጣ ማየት የድሮ ተሳላሚዎች የሚያዩትን ማየት ነው።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግዎታል። ማመልከቻው ሕጋዊ መኖሪያ ካለዎት አገር ሆኖ፣ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል። በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም እንዲሁ፤ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን አብሮ መያዙን ግን አይርሳ።

ደርሶ መልስ ይበቃል ወይስ ማደር ይሻላል?

ይደሩ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ።

የደርሶ መልስ ጎብኚ የሚያገኛት ቬዝሌ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ያለችው ናት። አውቶቡሶቹ ታች ይቆማሉ፣ ሰዉ በአንድ ጠባብ መንገድ ይወጣል ይወርዳል፣ ሱቆቹ ሻማና የወይን ጠጅ ይሸጣሉ። መጥፎ አይደለም፤ ግን እንደዚህ ያለ መንገድ አውሮፓ ውስጥ ሞልቷል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሶቹ ይሄዳሉ። ሱቆቹ የእንጨት መዝጊያቸውን ይዘጋሉ፣ መንገዱ ላይ የራስዎ ኮቴ ይሰማዎታል። በበጋ ወንጭፊት የሚባሉት ወፎች በደወሉ ግንብ ዙሪያ እየጮኹ ይዞራሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሰፊ ሜዳ ላይ ዛፎቹ ሥር ቢቀመጡ ሸለቆው፣ የወይን እርሻው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሞርቫን ጫካ ቀስ እያለ ሲጠቁር ያያሉ። ጠዋት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት ቢወጡ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ኮረብታዋ ደሴት መስላ ትጠብቅዎታለች። ያችን ቬዝሌ ለማየት የሚከፈለው ዋጋ የአንድ ሌሊት አልጋ ነው። ሆቴል፣ የእንግዳ ክፍል የሚያከራዩ ቤቶችና ርካሽ የተሳላሚዎች ማደሪያ አለ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ግን ቀድሞ ካልተያዘ አልጋ ማግኘት ይቸግራል።

ከዓመቱ የትኛው ጊዜ ይመረጣል?

ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ሰዉም ይበዛል። ሆኖም የመግደላዊት ማርያም በዓል በካቶሊኮች ዘንድ የሚከበረው ጁላይ 22፣ በእኛ ሐምሌ 15 ስለሆነ በዓሉን ማየት የሚፈልግ ሰው ግርግሩን ችሎ ይሄዳል። በኦገስት ማብቂያ ገደማ ደግሞ የመዘምራን ሙዚቃ ፌስቲቫል አለ።

ከኅዳር እስከ የካቲት ከተማዋ ታሸልባለች። ምግብ ቤቶችና ማደሪያዎች ብዙዎቹ ይዘጋሉ፣ ሙዚየሙም ዝግ ነው፣ ነፋሱ ያንዘፈዝፋል። እኔ በበኩሌ በዲሴምበር ሄጄ አልተጸጸትኩም። የምበላውን ግን ከታች ከሱቅ ገዝቼ ነው የወጣሁት።

ዳገቱ ከባድ ነው? ጉልበቷን የሚያማት እናቴን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ጤነኛ ሰው ከታችኛው መኪና ማቆሚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በሩብ ሰዓት ይወጣል። ለአረጋዊ ግን ከባድ ነው፤ መንገዱ የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ሲዘንብ ያዳልጣል፣ መካከል ላይ ያለው አቀበት ትንፋሽ ያሳጥራል።

እኔ እናቴን በሰባ አራት ዓመቷ ወስጃታለሁ። ታክሲውን ሳስይዝ «እስከ ላይ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ» ብዬ ተነጋግሬ ነበር፤ በዚያው አደረሰን። ወደታች ስንወርድ በእግር አደረግነው፤ በየደጁ እያረፍን፣ በየመስኮቱ ያለውን አበባ እያደነቀች አንድ ሰዓት ፈጀብን። ለጉልበት ቁልቁለቱም የዋዛ ስላልሆነ ከዘራ ይያዙ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው የምድር ቤት ጸሎት ቤት የሚወርዱት ደረጃዎች ያረጁና ወጣ ገባ ናቸው፤ እጇን ይያዟት።

መግቢያ ይከፈላል? አለባበስስ? ፎቶ ማንሳትስ?

ቤተ ክርስቲያኑ በነጻ ነው። ቲኬት የሚቆረጥበት መስኮት ፍለጋ አይድከሙ። ራስ መሸፈን አይጠየቅም፤ ነጠላ ቢለብሱም ማንም አያፈጥብዎትም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ጨዋነት ነው። ፎቶ ይቻላል፤ ጸሎት ላይ ግን ካሜራውን ያስቀምጡት።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በተለይ ምን ልመልከት?

ፊት ለፊት ያለው የውጭ ገጽታ ብዙ እንዳያቆይዎት። ዋናው በር ላይ ያለው ቅርጽ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የተፈረካከሰው ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ አዲስ የተሠራ ነው። እውነተኛው ሀብት ከዚያ በር ቀጥሎ ነው። መጀመሪያ የሚገቡት ጨለም ያለ ሰፊ የመግቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ በእኛ ልማድ ደጀ ሰላም ቢሉት ያስኬዳል። እዚያ ቆመው ቀና ይበሉ። ከውስጠኛው በር በላይ በ12ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ ግማሽ ክብ ድንጋይ አለ። ክርስቶስ መካከል ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከጣቶቹ የወጡት ጨረሮች በሐዋርያቱ ራስ ላይ ያርፋሉ። የልብሱ እጥፋት ወገቡ ላይ እንደ አዙሪት ይጠመዘዛል። በብዙዎች ትርጓሜ ይህ የጰራቅሊጦስ ዕለትና የሐዋርያት መላክ ነው።

ሥዕሉን ልዩ የሚያደርገው ዳርቻው ነው። ወንጌል ይደርሳቸዋል የተባሉት የዓለም ሕዝቦች፣ ያን ጊዜ አንድ የቡርጎኝ ጠራቢ በሰማው ልክ ተደርድረዋል። የውሻ ራስ ያላቸው አሉ። ከታች ባለው ድንጋይ ቀኝ ጫፍ ላይ ጆሯቸው ሰፌድ የሚያክል ባልና ሚስት ቆመዋል። አጠገባቸው ከማነሳቸው የተነሣ ፈረስ ላይ በመሰላል የሚወጣ ድንክ አለ። ሩቅ አገር የሚኖረውን ሰው ሳያዩት መሳል እንዲህ ነው። ሩቅ ከተባሉት አገሮች ከአንዱ ለመጣ እንደ እኔ ላለ ሰው ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽ ደግሞ ያሳስባል። ጠራቢው ግን ማንንም ከበሩ አላስቀረም፤ ጆሮ ሰፌዱም ድንኩም ወደ ክርስቶስ በሚሄደው ሰልፍ ውስጥ ናቸው።

ከዚያ ውስጥ ይገባሉ። የሚቀበልዎት ብርሃን ነው። ከ1120ው ቃጠሎ በኋላ የተሠራው ረጅሙ አዳራሽ ቅስቶቹ አንድ ነጭ አንድ ቡናማ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተገነቡ ናቸው፤ ከበስተመጨረሻው ያለው መቅደስ ደግሞ ዘግይቶ ጎቲክ በሚባለው፣ ሹል ቅስትና ሰፋፊ መስኮት ባለው አሠራር የተሠራ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ያበራል። በዓምዶቹ ራስ ላይ የተቀረጹት ታሪኮች መቶ ያህል ናቸው፤ ሁሉን አያለሁ ካሉ አንገትዎ ይደነዝዛል። አንዱን ግን አይለፉ፤ በቀኝ በኩል ባሉት ዓምዶች ላይ የሚገኘውን ወፍጮ። አጭር ቀሚስ የለበሰ ሰው ከላይ እህል ይጨምራል፤ ባዶ እግሩን የሆነ ሌላ ሰው ከታች ጎንበስ ብሎ ዱቄቱን በጆንያ ይቀበላል። የሚጨምረው ሙሴ፣ የሚቀበለው ቅዱስ ጳውሎስ እንደሆነ ይተረጎማል፤ ጥሬው ብሉይ፣ ዱቄቱ ሐዲስ፣ ወፍጮው ክርስቶስ። አንድምታ እየሰማ ላደገ ሰው ሌላ አስረጂ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እናቴ የነገርኳትን ሰምታ «ታዲያ ይኼ የእኛው ነው እኮ» ብላ አለፈች።

ሰኔ ላይ ወለሉ ላይ የሚታየው የብርሃን መንገድ እውነት ነው?

እውነት ነው። ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋን በምትይዝበት ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ጁን 21 አካባቢ፣ በእኛ ሰኔ 14 ገደማ፣ በደቡብ በኩል ካሉት ከፍ ያሉ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን የአዳራሹ ወለል መካከል ላይ ክብ ክብ ሆኖ ያርፋል። ክቦቹ ከበሩ እስከ መቅደሱ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ በላያቸው እየረገጡ መሄድ ይቻላል። በዲሴምበር ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ያው ብርሃን በሰሜን በኩል ባሉት ዓምዶች ራስ ላይ ያርፋል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይህ የሚሆነው የእጅ ሰዓት 12፡00 ሲል፣ በእኛ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሳይሆን በፀሐይ ቀትር ነው። ፈረንሳይ በበጋ ሰዓቷን ስለምታሳልፍ የፀሐይ ቀትር የሚውለው በእጅ ሰዓት 13፡45 ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ቀደም ብለው ገብተው ከወንበሮቹ ዳር ይያዙ፤ ሁሉም ሰው መካከሉ ላይ ቆሞ ጥላውን ሲጥልበት ብርሃኑ አይታይም። ደመና ከሆነም ምንም የለም፤ ስለዚህ ከአንድ ቀን በላይ ይመድቡ። ሠሪዎቹ አስበው አድርገውት እንደሆነ ክርክር አለ። የክቦቹን አሰላለፍ አይቼ በአጋጣሚ ነው ማለት ግን እኔን ይከብደኛል።

የምግቡ ነገር እንዴት ነው? ጾም ላይ ብሆንስ?

መጀመሪያ ሰዓቱን ይወቁ። ምሳ የሚቀርበው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። በስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ገብቼ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲሰቀሉ ደርሻለሁ፤ «ነገ ይምጡ» ተባልኩ። ሰኞና ማክሰኞ የሚዘጋው ብዙ ነው። አገሩ የሚታወቅበት በቀይ ወይን ጠጅ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የበሬ ሥጋ፣ ኤፗስ የሚባለው ሽታው ቤት የሚሞላ አይብ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ የተጋገረ ቀንድ አውጣ ነው። ስለ ቀንድ አውጣው እኔን አይጠይቁኝ፤ ሹካውን አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። የወይን ጠጁ ነጩ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ በቬዝሌ ስም ራሱን ችሎ ይሸጣል።

ጾሙ ያስቸግራል፤ እውነቱን ልንገርዎ። ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም ብዙውን ጊዜ ይኖራል፤ ኦገስት ላይ ከሄዱ ደግሞ ፍልሰታ ነው። «ሥጋ አልበላም» ሲሉ ኦምሌት ይዘው ይመጣሉ፣ ዕንቁላልም አልበላም ሲሉ አይብ ያለበት ሰላጣ ያመጣሉ። ቅቤ ሥጋ አይደለም ብለው ስለሚያስቡ አትክልቱንም በቅቤ ያነኩሩታል። «ቬጋን» የሚለው ቃል ከማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል፤ ጠረጴዛ ሲይዙ በስልክ ይንገሩ፤ አስቀድሞ የተነገረው ምግብ አብሳይ ይዘጋጃል። ከዚህ ውጪ ዳቦ ቤቱ ባለውለታ ነው፤ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው። ክሯሳኑ ግን ቅቤ ነው።

ፈረንሳይኛ ባልችልስ?

ይቻላል። ሆቴልና ሙዚየም ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሞክር አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ሳይናገሩ አይግቡ፦ «ቦንዡር»። ሱቅ ሲገቡ፣ ዳቦ ሲገዙ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲተላለፉ ሰላምታ ይቀድማል። ያለ ሰላምታ ጥያቄ የጀመረ ሰው እንደ ባለጌ ነው የሚታየው፤ ፈረንሳዮች ፊታቸው ጨፍጋጋ ነው የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ጤና ይስጥልኝ ሳይል ወደ ጉዳዩ የገባ እንግዳ እኛንስ ደስ ይለናል?

አንድ ቀን ቢተርፈኝ በዙሪያው ምን አለ?

ቁልቁል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ሴን ፔር የምትባል መንደር አለች፤ ደወል ቤቷ እንደ ዳንቴል የተጠለፈ የሚመስል የጎቲክ ቤተ ክርስቲያን አላት። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ የጨው ምንጮቹ ስፍራ አለ፤ የሮማውያን መታጠቢያ ፍርስራሽና ከዚያ በሺዎች ዓመታት የሚቀድሙ ከዛፍ ግንድ የተቦረቦሩ የውኃ ጉድጓዶች ይታያሉ። መኪና ካለዎት አርሲ ሱር ኪዩር ዋሻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግድግዳው ላይ የበረዶ ዘመን ሰዎች የሣሉት፣ ማሞት የሚባለው ዘሩ የጠፋ ዝሆን መሰል እንስሳ ሥዕል አለ።

እዚያው ቬዝሌ ውስጥ ደግሞ የዘርቮስ ሙዚየም አለ። ቤቱ በ1915 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ሮማን ሮላን የኖረበትና በ1944 ያረፈበት ነው። ገበሬ መንደር መካከል የሠዓሊዎቹን የፒካሶንና የካንዲንስኪን ሥራ ማየት ያስደንቃል። ዝናብ ሲይዝዎት ወደዚያ ይግቡ።

«የመስቀል ጦርነት የተነሣው ከዚህ ነው» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

የመጀመሪያው አይደለም፤ ሁለተኛው ነው። ማርች 31 ቀን 1146፣ የትንሣኤ ዕለት፣ የክሌርቮ ገዳም አበምኔት በርናርድ በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ሰባተኛ ፊት እዚህ ሰበከ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ቤተ ክርስቲያኑ አልበቃ ብሎ ስብከቱ ከከተማዋ ውጪ በቁልቁለቱ ላይ ተደረገ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደተወው፣ ለዘማቾች የተዘጋጀው የጨርቅ መስቀል ሲያልቅ በርናርድ የራሱን ልብስ እየቀደደ አደለ። ዘመቻው በውርደት ነው ያበቃው። በ1190 ደግሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድና የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ለሦስተኛው ዘመቻ ጦራቸውን ያገናኙት እዚሁ ነው። ስብከቱ የተደረገበት ስፍራ ላይ ላ ኮርዴል የምትባል ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፤ በጫካው መንገድ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ሰው የማይበዛባት ናትና ይሂዱባት።

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች ቀጣዩን ብዙ ጊዜ አያነሡም። በ1946፣ ልክ በስምንት መቶኛው ዓመት፣ የዓለም ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ ከተለያዩ አቅጣጫዎች የመጡ ሰዎች ከባድ የእንጨት መስቀሎችን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ቬዝሌ ወጡ፤ የዚህኛው ጉዞ ዓላማ ሰላም ነበር። በአካባቢው ካምፕ የነበሩ የጀርመን ምርኮኞች «እኛስ?» ብለው ካገኙት እንጨት መስቀል ሠርተው ተቀላቀሉ። መስቀሎቹ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ናቸው። ሻካራውን ያልተላገ መስቀል ሲያዩ የምርኮኞቹ መሆኑን ያውቃሉ።

የመግደላዊት ማርያም አጽም በእርግጥ እዚያ ነው?

ክርክሩ ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ገዳሙ የተመሠረተው በ9ኛው መቶ ዘመን ነው፤ አጽሟ እኛ ዘንድ ነው ማለት የጀመረው ግን በ11ኛው ነው። ከቅድስት አገር ወደ ፈረንሳይ እንዴት መጣ ሲባሉ መነኮሳቱ፣ ማርያም በመርከብ ደቡብ ፈረንሳይ ደረሰች፣ እዚያ አረፈች፣ ኋላም አንድ መነኩሴ አጽሟን ከወራሪ ለማዳን ወደ ቬዝሌ አመጣው ብለው መለሱ። ተሳላሚው ጎረፈ፣ ከተማዋ በለጸገች። በ1279 ግን በደቡብ ፈረንሳይ ሴን ማክሲማን የሚባል ቦታ «እውነተኛው አጽም እኛ ጋ ተገኘ» ተባለ፤ ኋላ የሮማው ሊቀ ጳጳሳትም ያንኛውን ደገፉ። ቬዝሌ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም። በ16ኛው መቶ ዘመን የሃይማኖት ጦርነት የነበራትም ጠፋ። አሁን በምድር ቤቱ ጸሎት ቤት ያለው በ19ኛው መቶ ዘመን የተመለሰላት ክፋይ ነው።

በምሥራቁ ትውፊት ደግሞ ማርያም ያረፈችው ኤፌሶን ነው። ስለዚህ በታሪክ መዝገብ ተመርኩዞ «ይህ የእርሷ አጽም ነው» ማለት አይቻልም። አንድ የማይካድ ነገር ግን አለ፤ ከተማዋን የገደላት ያ ክርክር ሕንፃውን አትርፎታል። ገንዘብ ያለው ከተማ ቤተ ክርስቲያኑን በየዘመኑ ፋሽን ያፈርሰውና ያድሰው ነበር። የቬዝሌ መነኮሳት ግን ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የ12ኛው መቶ ዘመን ሕንፃ እየፈራረሰም ቢሆን እንዳለ ቆየ። በ1840 ቪዮሌ ለ ዱክ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት አርክቴክት ሊወድቅ ሲል ደርሶ አዳነው፤ የፓሪሱን ኖትር ዳምም ኋላ ያደሰው እርሱው ነው።

ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚያ መጸለይ እችላለሁ? ቅዳሴያቸው ላይስ ብገኝ?

መጸለይን ማንም አይከለክልዎትም። ቤተ ክርስቲያኑ የካቶሊኮች ነው፤ በ1993 የመጡ መነኮሳትና መነኮሳይያት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጸሎቱን በዜማ ያደርሱበታል። የጸሎቱ ሰዓት በር ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝ አይተው ይግቡ፤ ከኋላ ተቀምጦ ማዳመጥም ይቻላል። መቁረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሌላ ቤተ ክርስቲያን መቁረብ አይፈቀድም፤ ሰዉ ለቁርባን ሲሰለፍ በቦታዎ መቀመጥ ነውር የለውም፣ ማንም ዞሮ አያይዎትም። ጥርጣሬ ካለዎት ከመሄድዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ጫማ ማውለቅ አይጠበቅብዎትም። እናቴ ይህን ነግሬያት ነበር። ወደ ምድር ቤቱ በሚወስደው ደረጃ አፋፍ ላይ ስንደርስ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች፤ «የቅድስት አጽም አለበት ካልከኝ በጫማ አልገባም» አለችኝ። ያለበት መሆኑ እንደሚያከራክር ልነግራት አልኩና ተውኩት። ከኋላችን ትወርድ የነበረች አንዲት መነኩሲት ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን አነሣችና፣ የሚወርድ ሰው እንዳያደናቅፉት ከግድግዳው ሥር አስጠግታ አስቀመጠቻቸው።